ስለ ወንዶች ልጆች ስም አወጣጥ፥ በስምም በሰው ላይ ስላለመፍረድ

ሰው ወደዚህ ዓለም ራቁቱን ይመጣል፤ ሳይለምን የሚቀበለውም የመጀመሪያ ስጦታ ስሙ ነው። ይህን ስም የሚሰጡት አባትና እናት፥ አያትና ጎረቤት ናቸው እንጂ እርሱ ራሱ አይመርጠውም። ነገር ግን ካደገ በኋላ በተማሪ ቤት፥ በገበያና በሥራ ቦታ በቆመ ጊዜ ሰዎች ስሙን ሰምተው ያከብሩታል ወይም ይስቁበታል፤ ይቀርቡታል ወይም ይሸሹታል። ባልመረጠው ነገር በሰው ላይ መፍረድ የተገባ ነውን? ስለዚህ ነገር አስቀድመን ስለ አገራችን ልማድ፥ ቀጥለን ለሚሰይሙት፥ በመጨረሻም ለሚፈርዱት ጥቂት ቃል እንናገራለን።

አንደኛ፤ ስለ ልማዱና ስለ መለዋወጡ።

በአገራችን ልማድ የልጁ ስም ይቀድማል፥ የአባቱም ስም ይከተላል፤ ለቤተ ዘመድ ሁሉ የሚሆን አንድ የጋራ ስም የለም። ስለዚህ ዛሬ ለሕፃኑ የወጣለት ስም ነገ ለልጆቹ የአባት ስም፥ ለልጅ ልጆቹም የአያት ስም ይሆናል። በአንድ ቀን ደስታ ወይም በአንድ ቀን ቍጣ የተነገረ ቃል እስከ ሦስት ትውልድ ይጠራል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን ሲጠመቅ የክርስትና ስም ይቀበላል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ ገብረ፥ ወልደ፥ ኃይለ ወይም ተክለ በሚል ቃል የሚጀምር ነው። በመንደር የሚጠራበት ግን ወላጆቹ ያወጡለት ሌላ ስም ነው። በዚህም ስም ውስጥ የቤቱ ታሪክ ይነበባል። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ የወለዱ ካሣ፥ ምትኩ፥ ተካ ወይም ማስረሻ ይላሉ። መከራ የበዛበት ቤት ስንታየሁ ይላል። ጠላት ያለበት ናደው፥ ጣሰው፥ ደምሰው ብሎ ይሰይማል፤ ደሙ ያልተመለሰለትም ደመላሽ ይላል። የሚያመሰግን ስጦታው፥ ተስፋ የሚያደርግም ተስፋዬ ይላል።

ነገር ግን የስም ወግ እንደ ልብስ ወግ ይለወጣል። ከነገሥታቶቻችን ሁለቱ በልጅነታቸው ካሣ ይባሉ ነበር፤ አንዱ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው፥ ሌላው በ1864 ዓ.ም. ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ተፈሪ መኰንንም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑ ጊዜ በክርስትና ስማቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ልጃቸውን አብዮት ብለው የሰየሙ ነበሩ፤ ልጁ ጐልምሶ ሳይጨርስ ያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፥ ስሙ ግን በልጁ ላይ ቀረ። ቀድሞ በተማሪ ቤት ወይም በክርስትና ጊዜ የአባቶቻቸው ቋንቋ ስም ተትቶ የአማርኛ ስም የተሰጣቸው ብዙ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ፤ ዛሬ ወላጆቻቸው ገመቹ፥ ኦብሳ፥ ቶሌራ፥ ጫላ ብለው በደስታ ይሰይማሉ። በከተማም ናሆም፥ ናታን፥ ኢዮኤልና ኪሩቤል በዝተዋል።

በባዕድ አገርም ያሉ ወገኖቻችን ከዚህ ነገር አላመለጡም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩት ለፈረንጅ አንደበት የማይከብድ አጭር ስም ይፈልጋሉ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ለገቡት ቤተ እስራኤል ደግሞ የተቀበሉአቸው ሹማምንትና መምህራን ለብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ሰጡአቸው፤ ከእነዚህም አድገው እናታቸው የጠራቻቸውን የቀድሞ ስም መልሰው የያዙ አሉ።

እንግዲህ እያንዳንዱ ትውልድ በሌላው ይስቃል። የከተማ ልጅ፥ ገብሬና ወልዴ የባላገር ስም ነው ይላል፤ ገብር ማለት ግን አገልጋይ ማለት እንደ ሆነና ሐዋርያት ራሳቸውን በዚህ ቃል ይጠሩ እንደ ነበረ አያስብም። ሽማግሌውም በበኩሉ፥ ናሆምና ኢዮኤል ምን ዓይነት ስም ነው? አገሩን የጠላ ሰው ያወጣው ነው ብሎ ይቈጣል፤ ዳዊትና ሰሎሞን ግን ከዚያው ምንጭ የተቀዱ እንደ ሆኑ፥ ዘመን ስለ ቈየባቸው ብቻ የእኛ እንደ መሰሉ አያስተውልም። ሁለቱም ለጆሮአቸው ልማድ ይፈርዳሉ እንጂ ለእውነት አይፈርዱም።

ሁለተኛ፤ ለሚሰይሙት።

እናንተ ወላጆች ሆይ፤ ስም በሕፃን ላይ የሚጫን ነገር ነውና ሸክሙን መዝኑ። ደመላሽ ተብሎ የተሰየመ ልጅ ገና ጡት ሳይተው የሌላውን ሰው ጠብ ወርሶአል። በጠሩት ቍጥር የማያውቀውን ጠላት ያሳስቡታል። ይቅር ማለትን ለልጃችሁ ልታስተምሩ የምትወዱ እንደ ሆነ፥ ቂምን በስሙ ላይ ለምን ትጽፋላችሁ?

ኀዘንንም ከሆነ እንዲሁ ነው። ራሔል በምጥ ልትሞት ሳለች ልጅዋን የኀዘኔ ልጅ ስትል ጠራችው፤ ያዕቆብ ግን ሚስቱን እየቀበረ እንኳ ስሙን ለውጦ ብንያም አለው፥ ይህም የቀኝ እጅ ልጅ ማለት ነው። ያዕቆብ ራሔልን ስላልወደደ አይደለም፤ የእርሱን ልቅሶ ሕፃኑ ዕድሜውን ሁሉ እንዳይሸከም ራርቶለት ነው እንጂ። ይህን የመሰለ ርኅራኄ ለአባቶች ሁሉ ይገባል።

ደግሞም ስለ ስም አትጣሉ። በአንዳንድ ቤት አያት የሟቹ አያቱ ስም ይሁንለት ትላለች፤ አባት በወሬ የሰማውን አዲስ ስም ይሻል፤ እናቲቱ በአራስ አልጋዋ ላይ ታለቅሳለች፤ ሕፃኑም ስም አጥቶ ይከርማል። በዘካርያስም ቤት እንዲህ ሆኖ ነበር። ጎረቤትና ዘመድ ሕፃኑን በአባቱ ስም ሊጠሩት ወደዱ፤ ኤልሳቤጥ ዮሐንስ ይባል ባለች ጊዜም ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው ተከራከሩአት፤ ነገሩም ያለቀው ዲዳ የሆነው አባት ሰሌዳ ለምኖ በጻፈ ጊዜ ነው። ከዚህ የምንማረው፥ አዲስ ስም አዲስ ስለ ሆነ ብቻ ክፉ እንዳይደለ፥ የቀድሞ ስምም የቀድሞ ስለ ሆነ ብቻ ቅዱስ እንዳይደለ ነው። ጎረቤት ይምከር፤ የሚሰይሙት ግን ወላጆች ናቸው። ስም ስታወጡ ጎረቤት ምን ይላል ብላችሁ ሳይሆን፥ ልጄ በሠላሳ ዓመቱ በዚህ ስም ሲጠራ ደስ ይለዋልን ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፤ ለሚፈርዱት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚል ምሳሌ አለን። በዚህም ምሳሌ ተደግፈው ብዙዎች ስሙን ሲሰሙ የሰውየውን ጠባይ ያወቁ ይመስላቸዋል። ቅዱስ መጽሐፍን የሚያነብ ሰው ግን እንዲህ ሊል አይችልም። አቤሴሎም ማለት የሰላም አባት ማለት ነው፤ እርሱ ግን በገዛ አባቱ ላይ ጦር አነሣ። ይሁዳ የሚባል አንዱ ጌታውን ሸጠ፤ ይሁዳ የሚባል ሌላው ስለ ሃይማኖት እንድንጋደል የሚመክረንን መልእክት ጻፈልን። ዳንኤል በባቢሎን በንጉሡ ጣዖት ስም ብልጣሶር ተባለ፤ አናንያ፥ ሚሳኤልና አዛርያም ሲድራቅ፥ ሚሳቅ፥ አብደናጎ ተባሉ፤ በእሳቱ እቶን ፊት ግን በባዕድ ስም እየተጠሩ ለአምላካቸው ታመኑ። እናቱ በጣር ስለ ወለደችው ያቤጽ የተባለውም ሰው በስሙ አልታሰረም፤ ጸለየ፥ የለመነውንም ተቀበለ፥ ከወንድሞቹም ይልቅ የተከበረ ሆነ።

ከአገራችንም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በኢሉባቦር የተወለደው ልጅ ወላጆቹ ሒካ አሉት፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ባሪያ ፈንጋዮች በልጅነቱ ሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ሸጡት፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ። በስዊድን ወንጌላውያን ተማሪ ቤት ተምሮ በ1872 በፋሲካ ቀን ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ፤ ይህም በፊልሞና መልእክት የተነገረለት ባሪያ ስም ሲሆን ትርጓሜው ጠቃሚ ማለት ነው። ይህ ሰው አናሲሞስ ነሲብ ነው፤ ከረዳቶቹ ጋር መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መለሰ፥ እርሱም በ1899 ታተመ። ሁለቱም ስሞቹ እውነት ሆኑ፤ ነገር ግን በስም ኃይል አይደለም፥ በብዙ ዓመት ድካም ነው እንጂ። ሒካ የተባለ ሁሉ አልተረጐመም፤ አናሲሞስ የተባለ ሁሉም አልጠቀመም። ባሪያ ገዢዎቹ ግን ያን ልጅ በዋጋው ብቻ መዝነው ነበር።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። በባላገር ስም የሚስቅ ተማሪ ይጐዳል፤ በዘመናችን ግን ከሳቅ የከፋ ፍርድ አለ። ሥራ ፈላጊው ወረቀቱን ያቀርባል፤ ቤት ተከራዩ በር ያንኳኳል፤ መንገደኛው በኬላ ይቆማል። ስምህ ማን ነው? የአባትህስ? የአያትህስ? ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ጥያቄ ሰውየውን ለማወቅ ከሆነ መልካም ነው፤ ነገዱን ለይቶ ለመግፋት ከሆነ ግን ወዮ ለጠያቂው። ስለዚህም ፍርሃት ለልጃቸው ወገኑን የማያስታውቅ ስም የሚሹ ወላጆች አሉ። አባት የአባቱን ስም ለልጁ ለማውረስ የሚፈራበት አገር ምንኛ ያሳዝናል!

በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈውን አስቡ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው ከኤፍሬም ወገን የሸሸውን ሁሉ ሺቦሌት በል ይሉት ነበር፤ አንደበቱ ሳይታዘዝለት ቀርቶ ሲቦሌት ያለውን ያርዱት ነበር። በዚያን ጊዜ 42,000 ሰው እንደ ወደቀ ተጽፎአል። ገዳዮችና ተገዳዮች የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። ለአንዲት ፊደል ይህ ሁሉ ደም ፈሰሰ። እንግዲህ የሰውን ስም እንደ ሺቦሌት አድርጎ የሚጠይቅ፥ የማንን ሥራ እንደሚሠራ ይወቅ።

አንዳንድ ሰው፥ ስም እንግዲህ ከንቱ ነውን? ይል ይሆናል። አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ነው የሚለው ምሳሌያችን እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመቃብር በላይ የሚቀረው ወላጆች ያወጡት ስም ሳይሆን፥ ሰውየው በሥራው ያገኘው ነው። የመጀመሪያው ስጦታ ነው፤ ሁለተኛው የራሱ መከር ነው። በሁለተኛው መዝኑት።

ስለዚህ ወዳጆች ሆይ፤ እንግዳ ስም በሰማችሁ ጊዜ ትርጓሜውን በአክብሮት ጠይቁ፤ ከስሙ በስተኋላ የአንዲት እናት ደስታ ወይም እንባ አለና። ተማሪዎች ሆይ፤ ጓደኛችሁን በስሙ የሚዘብትበትን አትተባበሩ። አሠሪዎች ሆይ፤ ሙያውን ሳታዩ ስሙን አይታችሁ ወረቀቱን አትጣሉ። ወላጆች ሆይ፤ ለልጆቻችሁ የስማቸውን ታሪክ ንገሩአቸው። ከባድ ስም የተሸከምህ ወንድም ሆይ፤ አንተም ስለ እርሱ አትፈር፤ እንደ ያቤጽ ጸልይ፥ ሥራህንም ሥራ።

በጎቹን በየስማቸው የሚጠራ መልካም እረኛ የማንንም ስም አይንቅም፤ የማንንም ነገድ ለይቶ ከበረቱ አያስወጣም። እርሱ እኛን በዚህ ፍቅር እንደሚያውቀን፥ እኛም እርስ በርሳችን እንድንተዋወቅ ይርዳን። አሜን።