አራተኛው ትራክ

ከ2023ቱ ጦርነት በፊትም እንኳ፣ ካርቱም ዴም ሰፈር በኪራይ ክፍል ክራር ለሚመታ ስደተኛ አጃቢ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ታስካም በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዓይነት ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃ ብቸኝነቱን ያቃልልለታል፤ ክራሩን ቀድቶ፣ እርሱን እየሰማ ከበሮውን፣ ቀጥሎም ድምፁን ይደርባል።

ነገር ግን የሌለን ጓድ እንዳለ አድርጎ ማሰማት ማታለል አይደለምን? የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን ደርቦ ሲቀዳ፣ ካሴቱ የወጣው በራሱና በመሣሪያው ስም እንጂ በባንድ ስም አልነበረም። ነውሩ በመደረቡ ሳይሆን በመደበቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። በአዝማሪ ቤት አድማጩ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። መቅጃው የሚመልስልን የራሳችንን ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ብሆን አራተኛውን ትራክ በሩን ለሚያንኳኳ ጎረቤት ባዶ እተወው ነበር።