የሕዝብ መናፈሻ፣ የግል ኪራይ

በከተማ ቤት የሚከራይ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የታወቀ ነበር። ውኃ ይመጣል ወይ? ቆጣሪው የግል ነው ወይ? ታክሲና መስጊድ ቅርብ ናቸው ወይ? ዛሬ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ቤቱ ለመናፈሻ ቅርብ ነው ወይ? በአዲስ አበባ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች በ2012 ዓ.ም. መጨረሻና በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈቱ ወዲህ ጥያቄው ትርጉም አግኝቷል። ደላላው «ከሰገነቱ አረንጓዴ ይታያል» ካለ ኪራዩ ከፍ ሊል ነው ማለት ነው። እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጭማሪ የማን ሐቅ ነው?

አከራይ የሚሸጠው ቤቱን ሳይሆን የቤቱን ጥቅም ነው። በፊቅህ «ኢጃራ» የሚባለው ውል መሠረቱ ይኸው ነው። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የውኃው መስመር የአከራዩ ገንዘብና ድካም ስለሆኑ ዋጋ ቢጠይቅባቸው ማንም አይወቅሰውም። መናፈሻውን ግን እርሱ አልተከለውም፤ አያጠጣውም፤ አይጠርገውም። የሕዝብ መናፈሻ የሚሠራውና የሚጠበቀው በሕዝብ ሀብት ነው። ተከራዩም ከደመወዙ በሚቆረጠው ግብር ድርሻውን ከፍሏል። ስለዚህ ለመናፈሻው ብሎ ኪራይ ሲጨመርበት ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የአከራዩንም ክርክር መስማት ተገቢ ነው። «ዋጋን የሚወስነው ገበያው ነው፤ እኔ ባልጨምር ጥቅሙን የሚያገኘው ቀድሞ የመጣ ዕድለኛ ተከራይ ብቻ ነው» ይላል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ዋጋ ተወዶ እንዲተምኑ በተጠየቁ ጊዜ ፈቃደኛ አለመሆናቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን እንደ ኢብን ተይሚያ ያሉ ዑለማዎች በደል ባለበት ጊዜ ባለሥልጣን ጣልቃ ገብቶ ፍትሐዊ ዋጋ እንዲከበር ማድረግ እንደሚችል አስረድተዋል። ነጥቡ ዋጋው በሁለቱ እውነተኛ ፈቃድ የተገኘ መሆኑ ላይ ነው።

ከዚህ አንፃር ሁለት ተከራዮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው መናፈሻውን አይቶ፣ ዋጋውን ሰምቶ፣ ወዶ የሚገባ ነው፤ በዚህ ላይ በደል አይታይም። ሁለተኛው ግን ከመናፈሻው በፊት የነበረ ነው። የግንባታውን ጭቃና አቧራ ችሏል፤ ልጆቹን በአካባቢው ትምህርት ቤት አስገብቷል። ዛፉ ሲያድግ «ጨምር ወይም ውጣ» የተባለ ሰው ቢፈርም፣ የፈረመው በፈቃዱ ነው ይባላልን? የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲሆን ደንግጓል። ሆኖም በወረቀት አንድ ዋጋ ጽፎ በእጅ ሌላ የሚቀበልን ሰው የሚመለከተው ከአዋጁ ይልቅ ኅሊናው ነው።

ነገሩ የኛ ከተማ ብቻ ችግር አይደለም። በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው 341 ሄክታር የሚሸፍን መናፈሻ የተሠራው ወደ 1,600 የሚጠጉ ነዋሪዎች ተነሥተው ነው። ከእነዚህ መካከል ጥቁር አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1825 የመሠረቷት ሴኔካ ቪሌጅ የተባለች መንደር ትገኝበታለች። እ.ኤ.አ. በ1857 መንደሯ ፈረሰች። ካሳ የተከፈለው ለመሬት ባለቤት ነበር። ከመናፈሻው ነዳፊዎች አንዱ የነበረው ኦልምስቴድ፣ በዙሪያው ያለው መሬት ዋጋ ስለሚጨምር ከዚያ የሚሰበሰበው ግብር ወጪውን ይመልሳል እያለ ይከራከር ነበር። ዛሬ በመናፈሻው ዳር ያሉ አፓርታማዎች በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ሕዝብ የፈጠረው ዋጋ በግብር ወደ ሕዝብ ሊመለስ እንደሚችል ኦልምስቴድ በትክክል አይቷል። ግን ከስፍራው የተነሣው ሰው ከዚያ ዋጋ ምን ደረሰው?

ይህ ጥያቄ ለእኛም ነው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ ለልማት የተነሡ ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው። ከተማ ማማሩ መልካም ነው፤ ጥላና ንጹሕ አየር ለድሃ ልጅ ከሀብታም ልጅ ይበልጥ ያስፈልጉታል። ሀብታሙ ጊቢ አለው፤ ድሃው ያለው የሕዝቡ መናፈሻ ነው። በመናፈሻው ዳር መኖር የሚችለው ግን ባለ ገንዘቡ ብቻ ከሆነ፣ ሣሩ የጋራ ሆኖ ሳለ ቅርበቱ የግል ሆነ ማለት ነው። ውኃ፣ ግጦሽና እሳት የጋራ መሆናቸውን የተማርን ሰዎች ይህን ቀላል ነገር አድርገን ልናልፈው አይገባም።

እንግዲህ አከራይ የግድግዳውን ዋጋ ይውሰድ፤ ለነባሩ ተከራይ ግን በመናፈሻው ሰበብ አይጨምርበት። ጎረቤት ሐቅ አለው፤ ተከራይ ደግሞ የቅርብ ጎረቤት ነው። ከተማውም ከዚህ ዋጋ የሚሰበስበውን ግብር ራቅ ባሉ ሰፈሮች መናፈሻ ለመትከል ቢያውለው፣ ከፒያሳ ተነሥቶ ዳር የወጣው ልጅም ጥላ ያገኛል። ከሰገነቱ ለሚታየው ዛፍ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ዛፉን ማን እንደሚያጠጣው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። አላህ ሚዛናችንን ያስተካክልልን።