ከመስኮቴ ሥር የነበረው ልጅ

የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገና ሳይነጋ የመጀመሪያው ሚኒባስ ታክሲ ከመስኮቴ ሥር ይቆምና ረዳቱ «ካዛንቺስ! ስታዲየም! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። ቀጥሎ ባቡሩ ያልፋል። ከዚያ የመኪናው ክላክስ፣ የልብስ መደብሩ ሞንታርቦ፣ «ሁሉም በመቶ ብር!» የሚሉት የመንገድ ላይ ነጋዴዎች ይከተላሉ። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ደግሞ ተራው የጭነት መኪኖች ነው።

እዚህ ቤት የገባሁ ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። እናቴ ከክፍለ ሀገር ስትደውልልኝ «ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ትለኝ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ይህንኑ ስትጠይቀኝ ግን «የቱ ጩኸት?» ብዬ መለስኩላት። ለምጄዋለሁ። ጌታ ይመስገን አልኩ፤ መልመድ ጸጋ መሰለኝ።

ዛሬ ላነሣ የምፈልገው ጥያቄ ስለዚሁ መልመድ ነው። ጆሯችን ጩኸቱን ሲለምድ አብረን መስማት የምናቆመው ሌላ ምን አለ? ሳንሰማው ስለቀረነው ነገርስ እንጠየቅበታለን?

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ ከደረጃው ወርጄ ስወጣ አንድ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው የምለው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በእጁ ትንሽ ፌስታል ይዟል። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለና የአንድ ሰው ስም ጠራልኝ። «ወንድሜ ነው። ከዚህ ሕንፃ ሥር ነው የምሠራው ብሎኝ ነበር። ስልኩ አልሠራ አለኝ። ያውቁታል?»

ወደ ወጣቶች ኅብረት ፕሮግራም እየሄድኩ ነበር፤ ረፍዶብኛል። «አላውቀውም ወንድሜ፤ እዚህ ብዙ ሰው ነው የሚያልፈው» አልኩት። አመስግኖኝ መንገዱን ተሻገረ። እኔም ታክሲ ያዝኩ።

ማታ ስመለስ በሕንፃው ጥግ ሻይ ለምትሸጠው እናት ነገሩን አነሣሁላትና ስሙን ነገርኳት። ጀበናዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እንዴ! ሊስትሮው ነዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማህን የጠረገልህ ልጅ!» አለችኝ። ታሞ ተኝቶ ሁለተኛ ሳምንቱ እንደሆነ፣ ከአራት ልጆች ጋር የተከራየው ክፍል የት እንደሆነ፣ ሾርባ ይዛ እንደሄደች ሁሉ ነገረችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አለመኖሩን እኔ አላስተዋልኩም።

ታናሽየው ወንድሙን ያገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እነዚያን ሁለት ሌሊቶች የት እንዳደረ አልጠየቅሁም። ለመጠየቅ አፈርኩ።

«አላውቀውም» ያልኩት ውሸት አልነበረም። እውነት ነው፣ አላውቀውም ነበር። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ብዋሽ ኖሮ ንስሐ የምገባበት ኃጢአት በስም ይታወቅ ነበር። አለማወቅ ግን ምን ተብሎ ይናዘዙታል?

መጀመሪያ ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ቆምኩ። ክርክሬም መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ የከተማ ንድፍ ምሁር በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ጎዳናዎችን አጥንቶ ነበር። ዋናው ልዩነታቸው የመኪናው ብዛት ነው፤ በአንደኛው በቀን 2,000፣ በሁለተኛው 8,000፣ በሦስተኛው 16,000 ያህል መኪና ያልፋል። ጸጥ ባለው ጎዳና የሚኖር ሰው በዚያው መንገድ ላይ በአማካይ 3 ወዳጆች ነበሩት። መኪና በበዛበት ጎዳና ግን አማካዩ 0.9 ነበር፤ አንድ እንኳ አይሞላም። ቤትህ ከየት እስከ የት ነው ሲባሉ ጸጥ ባለው ጎዳና ያሉት መንገዱን ጭምር አካትተው አሳዩ፤ መኪና በሚበዛበት ያሉት ግን ከገዛ በራቸው አላለፉም። አፕልያርድ ይህንን ጥናት ያካተተውን መጽሐፉን ባሳተመ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ አቴንስ ውስጥ መኪና ገጭቶት ሞተ።

ስለዚህ ጥፋቱ የጎዳናው ነው ማለት ይቻላል። ጎዳናው ራሱ ሰውን ወደ ውስጥ ይገፋል። ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ጆሮና ልብ ልስጥ የሚል ሰው እስከ ምሳ ሰዓት አይዘልቅም።

ሌላም ምስክር አለኝ፤ ይኸኛው ግን ለእኔ ብቻ ሳይሆን በእኔም ላይ ይመሰክራል። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፕሪንስተን የሥነ መለኮት ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ። ተማሪዎቹ ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ እንዲሄዱ ተነገራቸው። የአንዳንዶቹ ርእስ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ እያሳለና እያቃሰተ እንዲቀመጥ ተደረገ። ጊዜ ካላቸው ተማሪዎች ከመቶ 63ቱ ለሰውየው አንድ ነገር አደረጉ። «ረፍዶባችኋል፣ ፍጠኑ» ከተባሉት መካከል ግን እንዲህ ያደረጉት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። ስለ ሳምራዊው ለመናገር መሄዳቸው ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

እኔስ ያን ቅዳሜ ወዴት ነበር የምሄደው? ረፍዶብኝ አልነበረምን?

ይሁን እንጂ ጥብቅናዬ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል። ሻይ የምትሸጠው እናት የምትኖረው በዚያው ጎዳና ነው። እንዲያውም እኔ ግድግዳና መስኮት አለኝ፤ እሷ ከጩኸቱ መካከል ነው የምትውለው። ታዲያ እሷ የልጁን ስም፣ ሕመሙንና ቤቱን ስታውቅ እኔ ለምን አላወቅሁም? ከእኔ ይልቅ ጊዜ ስላላት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ አትቀመጥም። ደግ ስለሆነች ነው ብዬ እንዳልፍም ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም። እኔም ደግ ነኝ ብዬ ነበርና የማስበው።

አንድ ቀን ጠየቅኋት። «እማ፣ የዚህን ሁሉ ሰው ስም እንዴት ያዝሽው?»

ሳቀች። «ዱቤ የምሰጠውን ሰው ስም ካላወቅሁ ምን ልሆን ነው?» አለችኝ።

ይህ መልስ ብዙ ቀን አብሮኝ ዋለ። ሊስትሮው፣ ረዳቱ፣ ተሸካሚው ጠዋት ሻይ ጠጥተው ማታ ይከፍሏታል። አንዳንዴም እሷ ዝርዝር ሲያጥራት ከሊስትሮው ትበደራለች። በመካከላቸው ሁልጊዜ ያልተዘጋ ሂሳብ አለ። ሂሳቡ ስላልተዘጋ ሰውየው ሲቀር «የት ገባ?» ይባላል። እኔ ግን ጫማዬን አስጠርጌ ወዲያው እከፍላለሁ። አንዳንዴ መልሱን «ያዘው» እላለሁ፤ ቸርነት ይመስለኝ ነበር። በእርግጥ ያደረግሁት ሂሳቡን ዘግቼ መሄድ ነበር። ከፍያለሁና ምንም ዕዳ የለብኝም። ዕዳ የሌለብንን ሰው ደግሞ ስሙን መያዝ አያስፈልገንም።

የተጨናነቀ ጎዳና ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። ጩኸቱ ብቻ አይደለም። በገንዘብ ቶሎ ቶሎ እንድንፈታታ፣ ማንም በማንም ላይ ዕዳ ሳይኖርበት እንዲያልፍ ያመቻል። ነፃነት ይመስላል። ታሞ የተኛ ሰው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይፈለግ የሚቀረው በዚህ ነፃነት ነው።

ይህንን ካሰብኩ በኋላ የሳምራዊውን ታሪክ እንደገና አነበብኩት። እርሱም የመንገድ ታሪክ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ። ልጅ ሆኜ ትኩረቴ ዘይቱና ወይኑ፣ የታሰረው ቁስልና አህያው ላይ ነበር። አሁን ያስቆመኝ መጨረሻው ነው። ሳምራዊው ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከሰጠ በኋላ «ጨርሻለሁ» ብሎ አልሄደም። ከዚያ በላይ የወጣውን ስመለስ እከፍላለሁ አለ። ሂሳቡን ክፍት ትቶት ሄደ። ጉዳይ ነበረው፣ መንገዱንም ቀጠለ፤ ነገር ግን የቆሰለው ሰው ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው፣ የሚመለስለት ሰው አለው። ካህኑና ሌዋዊው ግን ገና ሳይጀመር ሂሳቡን ዘጉት።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው። በመስኮቴ ሥር የሚያልፈውን ሁሉ ባለማወቄ አልጠየቅም፤ ያን የሚችል የሰው ልጅ የለም። በየቀኑ ከፊቴ ተቀምጦ እግሬን በእጁ የያዘውን ሰው ባለማወቄ ግን እጠየቃለሁ። እሱን ለማወቅ የጎዳናው ጸጥታ አያስፈልገኝም ነበር፤ አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር።

ልጁ ከወር በኋላ ድኖ ሳጥኑን ይዞ ተመለሰ። ከስቷል። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና እንዴት እንደምጀምር ሳሰላስል ቆየሁ። በመጨረሻ «ይቅርታ አድርግልኝ፤ እስከ ዛሬ ስምህን ጠይቄህ አላውቅም» አልኩት።

ቀና ሳይል፣ ብሩሹን ሳያቆም ስሙን ነገረኝ። እኔም የራሴን ልነግረው አፌን ስከፍት «የእርስዎንማ አውቀዋለሁ ጋሼ» አለኝ። «ጓደኞችዎ ከታች ሆነው ሲጠሩዎት እሰማለሁ።»

እሱም የሚውለው እዚያው ጩኸት ውስጥ ነበር።

ወጣት ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ኅብረቱ ስትሄድ ምናልባት ይረፍድብህ ይሆናል። ከመድረስህ በፊት ግን በመንገድህ ላይ በየቀኑ ሂሳብ ዘግተህ የምታልፈው አንድ ሰው አለ። ስሙ ማን ነው?