ገመናን መሸፈን፣ ሕመምን መደበቅ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ኖኅ የወይን ጠጅ ጠጥቶ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ሴምና ያፌት ልብስ በትከሻቸው አድርገው፣ ፊታቸውን መልሰው፣ የኋሊት ሄደው አለበሱት። የወላጅን ገመና መሸፈን ክብር መሆኑን ብዙዎቻችን የምንማረው ከዚህ ታሪክ ነው። ያረጁ እናት ወይም አባት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲመላለስባቸው ግን ትምህርቱ ይፈተናል፤ ሕመሙ ያለው ልጅ ለማየትም ለመጠየቅም በሚያፍርበት ቦታ ነውና። ታዲያ ፊትን ማዞር ማክበር የሚሆነው እስከ የት ድረስ ነው? ታሪኩን ልብ ብሎ ላነበበ መልሱ እዚያው አለ። ሁለቱ ልጆች ፊታቸውን ቢያዞሩም እግራቸው ወደ አባታቸው ነበር። ገመናውን የሸፈኑት ከሰው አፍ ነው፤ ከእርዳታ አልሸፈኑትም።

ዝም የማለት ጉዳቱ ቤት ውስጥ ይታያል። ልብሳቸው እንዳይረጥብ የሚሰጉ አዛውንት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ለቅሶ ሲሄዱ ውሃ አይጠጡም፤ ሽንታቸውንም ይዘው ይውላሉ። ሌሊት ላለመነሳት ሲሉም ማታ የተቀዳላቸው ብርጭቆ ሳይነካ ያድራል። ውሃ ሲያንስ ሽንት ይቀንሳል፤ ባክቴሪያውም ታጥቦ አይወጣም። በዚህ ላይ ሴቶች ካረጡ በኋላ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ የብልት ቆዳ ይሳሳል፤ በወንዶች ደግሞ ያበጠ የፕሮስቴት ዕጢ ሽንት ከፊኛ ተሟጦ እንዳይወጣ ያደርጋል። የሆድ ድርቀትና የስኳር በሽታም ያባብሱታል። ሐኪሞች ኢንፌክሽኑን ተመላላሽ የሚሉት በ6 ወር 2 ጊዜ ወይም በዓመት 3 ጊዜ ሲከሰት ነው፤ ይህን ለመቁጠር ግን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። በብልት የሚቀባ ኢስትሮጅን ያረጡ ሴቶችን ከምልልሱ በእጅጉ እንደሚጠብቅ በፈረንጆቹ 1993 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለ ብልት ድርቀት ያልተጠየቀች እናት ግን ቅባቱ አይታዘዝላትም።

መድኃኒት ለመስጠት የሚደረገው ጥድፊያም ከዝምታ የተወለደ ነው። እናት ዛሬ ድንገት ግራ ተጋብተው ቃል ከጠፋባቸው «ያው ሽንቷ ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ይገዛል፤ ክኒኑ ጥያቄውን ሁሉ ይዘጋዋል። ነገር ግን ብዙ አዛውንት ምንም ሳያማቸው በሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል፤ በአረጋውያን መጦሪያ ከሚኖሩ ሴቶች እስከ ግማሽ የሚደርሱት እንዲህ ናቸው። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው መመሪያ ትኩሳትም ሆነ የሽንት ምልክት በሌለበት ድንገተኛ ግራ መጋባት ብቻውን አንቲባዮቲክ እንደማያሰጥ፣ ይልቁንም ሌላ መንስኤ እየተፈለገ በቅርብ መከታተል እንደሚሻል መክሯል። መንስኤው የውሃ እጥረት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ወይም የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ያለ ምክንያት የተዋጠ አንቲባዮቲክ ደግሞ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ትቶ ይሄዳል፤ መድኃኒቱም በእውነት ባስፈለገ ቀን አይሠራም።

«እናቴ እያመማት ቁጭ ብዬ ልይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋት ወይም ሲሸኑ ማቃጠል ካለ መዘግየት አይገባም፤ ድንገተኛ ግራ መጋባትም ለሐኪም መታየት አለበት። ልዩነቱ ያለው በምርመራና በግምት መካከል ነው፤ ከመድኃኒቱ በፊት ለባክቴሪያ ምርመራ (ካልቸር) ሽንት መስጠት ይህን ይለያል። «እርጅና ነው፣ ለእግዚአብሔር መተው ነው» የሚልም አለ። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክ ግን በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የእግዚአብሔር ሥራ ያደርጋቸዋል፤ በምዕራፍ 3 ደግሞ አእምሮው የደከመ አባትን መታገሥን ያዛል። ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ ወላጅን «ኡፍ» እንዳንል ሲከለክል፣ ከቀደምት ተንታኞች አንዱ የሆነው ሙጃሂድ ትእዛዙን ወላጅ በእርጅና ሽንቱንና ሰገራውን መቆጣጠር ሲያቅተው ከሚመጣው ቀን ጋር አያይዞታል።

የሚከብደው ተቃውሞ የወላጅ ነው፦ «ልጄ ይህን አይየኝ።» ይህን መጣስ ማክበር አይሆንም። ነገር ግን እናት ለወንድ ልጃቸው ያልነገሩትን ለሴት ልጃቸው ወይም ለነርስ ሊነግሩ ይችላሉ፤ አባትም እንዲሁ የሚመርጡት ሰው አላቸው። ልጅ የሚጠበቅበት ማን እንዲጠይቃቸው፣ ማን እንዲያጥባቸው፣ ሐኪም ፊት ማን አብሯቸው እንዲገባ ወላጆቹን ራሳቸውን መጠየቅ ነው። ሰውነታቸው አልታዘዝ ባላቸው ዕድሜ ይህን ምርጫ ለእነሱ መተው ክብራቸውን መጠበቅ ነው፤ ምርጫውን ሳይጠይቁ ዝም ማለት ግን የራስን ሐፍረት መጠበቅ ብቻ ነው።