የጋራው ጣሪያ ዕዳ የማን ነው?

ሰው ቤት ሲገዛ የሚገዛው ምንድን ነው? ጥያቄው ለመመለስ ቀላል ይመስላል። በሰላ ድንጋይና በአካባቢዋ የሚኖር ገበሬ «ቤቴ» ሲል ግድግዳውንም፣ ጣሪያውንም፣ አጥሩንም፣ ደጁንም ማለቱ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ የሚያፈሰው በእርሱ ላይ ነው፤ የሚጠግነውም እርሱ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ብዙ የዚህ አገር ልጆች ወደ ከተማ ወርደው ፎቅ በፎቅ ላይ በተደራረበበት ሕንፃ ውስጥ የቤት ባለቤቶች ሆነዋል። የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ በሆነበት በዚህ አኗኗር «የእኔ» የሚለው ቃል ወሰኑ የት ነው? ለጋራው ነገር የሚጠየቀው መዋጮስ ዕዳ ነው ወይስ በጎ ፈቃድ? በዚህ ጽሑፋችን የምንመረምረው ይህንኑ ይሆናል።

ለጥያቄው መነሻ የሆነን አንድ ገጠመኝ ነው። ከሰላ ድንጋይ መጥተው በአዲስ አበባ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እናት ታመው ስለ ነበር፣ እርሳቸውን ለመጠየቅ ወደ አንድ ኮንዶሚኒየም ሄድን። ቤታቸው ከምድር ወለሉ ላይ ነው። ቡና እየተጠጣ ሳለ የሕንፃው ኮሚቴ አባላት የተቃጠለውን የውኃ ፓምፕ ለማሠራት መዋጮ ሊሰበስቡ በሩን አንኳኩ። ልጃቸውም፣ «እኛ ምድር ላይ ነን፤ ውኃው ያለ ፓምፕ ይደርሰናል፤ ደረጃውንም አንወጣበትም። ደግሞስ ያምናው ገንዘብ የት እንደ ገባ መች ተነገረንና?» ስትል መለሰችላቸው። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብላ፣ «አባ፣ ተሳስቻለሁ?» አለችን። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ «ልጄ፣ መክፈል ግዴታ ነው» ብለን ነገሩን ዘጋነው። ስንወጣ ግን አንድ አዛውንት ጡረተኛ ውኃ የሞላ ጄሪካን ከደረጃው ሥር አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አገኘናቸው። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ መዋጮአቸውንም አጓድለው አያውቁም። የሰጠነው መልስ ስሕተት ባይሆንም የችኮላ መልስ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተሰማን። የልጂቱ ንግግር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን የያዘ ነበርና።

በመጀመሪያ ባለቤትነቱ ራሱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በአገራችን ከተሞች ሰው የቤቱ እንጂ የቦታው ባለቤት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን የሊዝ ዘመን 99 ዓመት አድርጎታል። ስለ ጋራ ሕንፃ ቤቶች በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 እንደሚያስረዳው፣ በእንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ ያለ ባለቤት ሁለት ነገር በአንድነት ይይዛል። አንደኛው ለብቻው የሚያዝበት ቤት ነው፤ ሁለተኛው በጣሪያው፣ በደረጃው፣ በግቢውና በመስመሮቹ ላይ ከሌሎች ጋር ያለው ድርሻ ነው። ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ ደረጃውን ትቶ ክፍሉን ብቻ የሚገዛ የለም። ዕጣ የወጣለትና የባንክ ዕዳውን በየወሩ የሚገፋ ሰው «ከፍዬ ገዝቼዋለሁ» ሲል እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ የገዛው ነገር በጠባዩ ከጎረቤቱ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ የድርሻው ወጪ ከውጭ የተጫነበት ሸክም ሳይሆን የግዢው አካል ነው።

ይህ አሳብ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫቸውን በሰላ ድንጋይ ባደረጉበት ዘመን የነበረው የሸዋ ባለርስት፣ ርስት ከግብር ጋር እንደሚያዝ ያውቅ ነበር። ልዩነቱ ያ ግብር ወደ ላይ፣ ወደ ጌታው የሚወጣ ሲሆን፣ የዛሬው መዋጮ ግን ወደ ጎን፣ ወደ ጎረቤት የሚሄድ መሆኑ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው የግል ንብረትን መብት አጥብቀው ሲከላከሉ፣ ንብረትን በሚገባ መያዝና በሚገባ መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስገንዘባቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ልጂቱ የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለስ፤ «የማልጠቀምበትን ለምን እከፍላለሁ?» ከአርስቶትል ጀምሮ፣ ከእርሱም በኋላ ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ፣ ፍትሕን የልውውጥና የማከፋፈል ብለው ለይተውታል። በገበያ ያለው ፍትሕ የልውውጥ ነው፤ የወሰድኸውን ያህል ትከፍላለህ። የጋራ ሀብትና የጋራ ሸክም ግን በድርሻ ይከፈላሉ። ልጂቱ ስለ ጋራው ሕንፃ ስትናገር በገበያ ሚዛን መዝናለች። በዚያው ሚዛን ከተሄደ ደግሞ የአራተኛው ፎቅ ሰው የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ ሲገነፍል «ሽታው እኔ ዘንድ አይደርስም» ሊል ይችላል። የመካከለኛው ፎቅ ሰውም ጣሪያው ሲያፈስ «ዝናቡ እኔን አይነካኝም» ሊል ነው። ሁሉም በየተራው እውነት ይናገራል፤ ሕንፃው ግን ይፈርሳል።

ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ በአጭር ቃል የተናገሩት እናቲቱ ናቸው። ከሄድን በኋላ ልጃቸውን፣ «ዕድር ሲሰበሰብ ‘እኔ ገና አልሞትኩም’ ብሎ የቀረ ሰው አይተሻል?» ብለው እንደ ጠየቋት ሰማን። ዕድርተኛ በየወሩ የሚከፍለው በዚያ ወር የተቀበለውን አገልግሎት ቆጥሮ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ በሚሸከሙት ሰዎች መካከል ለመኖር ነው።

ይሁንና ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ያላነሰ ክብደት አለው፤ «ያምናው ገንዘብ የት ገባ?» እኛ በችኮላ ያለፍነው ይህንን ነው። መዋጮው ዕዳ ከሆነ፣ ሰብሳቢውም የሌላውን ሰው ገንዘብ የያዘ ባለአደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ያለ ሒሳብ አይጠበቅም። በእንግሊዝ አገር ሰዎች ቤትን ለረጅም ዘመን በሊዝ ይዘው ለሕንፃው ባለቤት የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና የተከራይ ሕግ እንዲህ ያለው ክፍያ የሚጠየቀው ወጪው ምክንያታዊ እስከ ሆነ ድረስ ብቻ እንደ ሆነ ደንግጎ፣ ለከፋዩ ሒሳቡን ጠይቆ ደረሰኙን የመመልከት መብት ሰጥቶታል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሹማምንትም፣ ምንም እንኳ ብዙውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ቢደክሙ፣ «እመኑን» ማለት አይበቃቸውም። ደረሰኝ መስጠት፣ ገቢና ወጪውን በግልጽ መለጠፍ፣ ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት የፍትሕ ግዴታቸው ነው።

እንግዲህ ሒሳብ ያልቀረበለት ሰው ክፍያውን ሊያቆም ይገባዋልን? እዚህ ላይ ኅሊና ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ገንዘቡን በመከልከሌ ጉዳቱ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ሒሳቡን ያላቀረበው ኮሚቴ ውኃ አልጠማውም፤ ጄሪካን የተሸከሙት ጡረተኛው ናቸው። ጥፋተኛውን ለመቅጣት ብሎ ንጹሑን መቅጣት ፍትሕ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ፓምፑን ለመሰለ ግልጽና አስቸኳይ ነገር ድርሻን ከፍሎ፣ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያለ ፍርሃት መጠየቅ ይሻላል። ያላግባብ የወጣ ነገር ከተገኘም በሕግ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚህ ጋር ሊረሳ የማይገባው መክፈል የማይፈልገውና መክፈል የማይችለው አንድ አለመሆናቸው ነው። በአንዲት ጡረታ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ስሙ ከከዳተኞች ጋር በግድግዳ ላይ ተጽፎ ሊዋረድ አይገባም። ጊዜ ሊሰጠው ወይም አቅም ያላቸው ሊያግዙት ይገባል። የከፋዩ ግዴታ ፍትሕ ነው ስንል፣ ለደካማው የሚደረገውን ርኅራኄ መሻራችን አይደለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደዚያ ቤት ስንመለስ ልጂቱ ድርሻዋን ከፍላ፣ ደረሰኝ ተቀብላ፣ ከጎረቤቶቿም ጋር ስብሰባ አስጠርታ ነበር። ሒሳቡ በደረጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሁሉም መሥመር ደረሰኝ አልነበረውም፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። ፓምፑ ግን ይሠራ ነበር። እኛም በችኮላ የሰጠነውን መልስ እንድናርም ዕድል አገኘን፤ «ልጄ፣ መክፈሉ ግዴታሽ ነበር፤ መጠየቁም እንደዚሁ» አልናት።

ውድ አንባብያን፣ በጋራ ሕንፃ የምትኖሩ ሁሉ የወሩን መዋጮ ስትከፍሉ ከእናንተ በላይና ከእናንተ በታች ማን እንደሚኖር አስቡ። የምትሰበስቡም በእጃችሁ ያለው የማን ላብ እንደ ሆነ አትርሱ።