አጥሩ የማን ነው?

ጥያቄያችን ላይ ላዩን ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ከሥሩ ሲመረምሩት ግን የሥልጣን ጥያቄ ነው። ይኸውም፦ አንድ ሰው በምናብ ዓለም ውስጥ ማን ሊሆን እንደሚችል ሌላ ሰው ሊወስንለት ይገባልን? ይገባል ከተባለስ ወሰኑ እስከ የት ነው?

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ እንናገር። አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ ጌም ማስተር ይሉታል። ዓለሙን የሚያዘጋጀው እሱ ነው፤ ከተማውን፣ ጫካውን፣ ሽፍታውን፣ ንጉሡን፣ ባለሱቁን ሁሉ። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው በዚያ ዓለም ይገባሉ፤ «በሩን እሰብራለሁ»፣ «ሽማግሌውን አነጋግራለሁ» ይላሉ። አጠራጣሪ የሆነውን ነገር ዳይስ ይለየዋል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ያለው አብሮ የተሠራ ታሪክ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በኩር የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ናቸው።

ታዲያ ጭቅጭቁ የሚነሳው ገና ጨዋታው ሳይጀመር፣ ገጸ ባሕርይ ሲፈጠር ነው። አንዱ «እኔ ዘንዶ ነኝ» ይላል። መሪው «በኔ ዓለም ዘንዶ ሆኖ መጫወት የለም» ይለዋል። «ለምን?» «አይቻልማ!» ከዚህ በኋላ ነገሩ ክርክር መሆኑ ቀርቶ ኩርፊያ ይሆናል። የተከለከለው «ገና ሳልጀምር ሐሳቤን ገደለብኝ» ይላል። የከለከለው ደሞ «ስንት ሌሊት የለፋሁበትን ዓለም በአንድ ቃል ሊንድብኝ!» ይላል።

ይህ ክርክር ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የ1974ቱ ደንብ ተጫዋቹ ከደካማነት እስከ ጀመረ ድረስ ማንኛውንም ፍጡር ሊሆን እንደሚችል ይፈቅድ ነበር፤ ዘንዶ መሆን ያማረው ከጨቅላ ዘንዶ ይጀምር የሚል ነው። በ1979 በወጣው የመሪዎች መጽሐፍ ግን ያው ጋይጋክስ ጭራቅ ሆኖ መጫወትን አጥብቆ ተቃወመ። ብዙዎቹ ይህን የሚመኙት ለኃይሉ ብለው ነው፣ ደግሞም ሰው ያልሆነበትን ዓለም ሰው ሊረዳው ይቸግረዋል የሚል ነበር ምክንያቱ። ተመልከቱ፤ አንድ ደራሲ በአምስት ዓመት ውስጥ በሩን ከፈተ፣ መልሶም ገርበብ አደረገው። ስለዚህ «ዋናው ደንብ እንዲህ ይላል» ብሎ መሟገት የትም አያደርሰንም። ነገሩን በራሳችን አእምሮ ልንመዝነው ይገባል።

በመጀመሪያ «ምናብ ወሰን የለውም፤ ስለዚህ ወሰን ሁሉ ጭቆና ነው» የሚለውን እንመልከት። ይህ አባባል ያምራል እንጂ አይቆምም። ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር መሆን በሚችልበት ዓለም፣ አንድን ነገር መሆን ምን ትርጉም አለው? በ1991 የወጣውን ዳርክ ሰን የተባለውን ዓለም እንውሰድ። ፀሐይ ያከሰለችው በረሃ ነው። ብረት ከመጥፋቱ የተነሳ ሰው በአጥንትና በድንጋይ መሣሪያ ይዋጋል። አማልክት የሉም፤ ካህናቱ ኃይል የሚያገኙት ከመሬት፣ ከአየር፣ ከእሳትና ከውሃ ነው። እዚያ ዓለም ላይ ፓላዲን፣ ማለትም ለእምነቱ የማለ ቅዱስ ተዋጊ፣ መሆን አይቻልም። ኖም የሚባሉት ድንክዬ ፍጡራንም የሉም። ክልከላው ግን ባዶ ክልከላ አይደለም፤ ይናገራል። «ይህ ተስፋ የተሟጠጠበት አገር ነው» ይላል። ፓላዲኑን መልሰን ብናስገባው ተጫዋቹን ነፃ አናወጣውም፤ በረሃውን እናጠፋበታለን እንጂ።

እንዲህ ስንል ወሰን ሁሉ መልካም ነው ማለታችን ነውን? በፍጹም! በ1978 የታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ሌላ ዓይነት ወሰን ነበረው። ከፍተኛው የጉልበት ቁጥር 18 ሲሆን፣ 18 ያገኘ ተዋጊ ተጨማሪ ዳይስ ጥሎ እስከ 100 የሚደርስ ብልጫ ያገኛል። ይህ ግን ለወንድ ነው። የሰው ዘር የሆነች ሴት ገጸ ባሕርይ ግን ከ50 እንዳታልፍ ተደነገገ። እንዴ! ዘንዶ እሳት በሚተፋበት፣ ጠንቋይ መብረቅ በሚወረውርበት ዓለም፣ «እውነታውን መጠበቅ አለብን» የተባለው የሴት ክንድ ላይ ሲደረስ ብቻ ነውን? ይህ ወሰን ስለዚያ ዓለም የነገረን አንዳች ነገር የለም። የነገረን ስለ ደንብ አውጪዎቹ ዓለም ነው። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ተሠረዘ፤ በመሠረዙ የተጓደለ ነገር አለ የሚል ካለ እስቲ ያሳየን።

እንግዲህ ሁለት አጥሮች አየን። አንዱ ዓለሙን ያቆማል፤ ሌላው ሰው ያገልላል። በምን እንለያቸው?

አንድ ነገር እናስተውል። በመጀመሪያው ደንብ መሠረት የገጸ ባሕርይ ስድስት ችሎታዎች የሚወሰኑት ሦስት ዳይስ እየተጣለ ነበር፤ ውጤቱ ከ3 እስከ 18 ነው። ጠቢብ ልሁን ብለህ ተመኝተህ ለአእምሮ 5 ቢወጣልህ፣ ያው ወጣልህ ነው። ይህ ከማንኛውም መሪ ክልከላ የከፋ ነው። ሆኖም ተጫዋቹ ይስቃል እንጂ አያኮርፍም። ዕጣ ሲከለክለን የምንስቅ፣ ሰው ሲከለክለን የምንቆጣው ለምንድን ነው? ዕጣ ፊት አይቶ አያዳላማ! ቁጣችን ከወሰኑ ጋር አይደለም ማለት ነው፤ ወሰኑ «ለኔ ብቻ የተሰፋ ነው» ከሚለው ጥርጣሬ ጋር ነው።

ፈላስፋው ጆን ሮልስ በ1971 ባሳተመው የፍትሕ መጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳናል። ሰዎች የኅብረተሰባቸውን ደንብ ሲያወጡ፣ በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ማን ሆነው እንደሚገኙ የማያውቁ ቢሆኑ ኖሮ፣ የሚስማሙበት ደንብ ፍትሐዊ ይሆናል ይላል። ወደ ጠረጴዛችን እናምጣው። መሪው ወሰኑን የተናገረው ማን ምን መሆን እንደሚፈልግ ከመስማቱ በፊት ነው ወይስ ከሰማ በኋላ? «በዚህ ዓለም አስማት የለም» ብሎ አስቀድሞ የተናገረ መሪ ዓለም ሠራ። ባልንጀራው ሌሊቱን ጽፎ ያመጣውን ጠንቋይ ካየ በኋላ «አስማት የለም» ያለ መሪ ግን ሰው ከለከለ። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ለየቅል።

ለዚህ ሁለት መቃወሚያ ይቀርባል። አንደኛው «ብዙ የሚለፋው መሪው ነው፤ ዓለሙም የእሱ ነው» የሚል ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። መልካም፤ ግን ባለቤቱ ማን ነው? ማንም ያልገባበት ዓለም የመሪው ደብተር ነው፤ ዓለም የሚሆነው ሌሎች ሲኖሩበት ነው። ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ አጥሩ የጋራ ነው። ስለዚህ መሪው ራሱም ሊዘለው አይገባም። ለተጫዋቾቹ «ብረት የለም» ብሎ ሲያበቃ፣ ለሚወደው ገጸ ባሕርይ የብረት ሰይፍ የሚያስታጥቅ መሪ አጥሩን በራሱ እጅ አፈረሰው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል። «ምክንያቱን ብነግራቸው ምሥጢሩ ይወጣል፤ ታሪኩ ይበላሻል» የሚል ነው። እውነት ነው። ታዲያ እንዲህ ይበል፦ «ምክንያት አለው፤ ስንጫወት ታገኙታላችሁ።» ይህ ግን የእዳ ወረቀት ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ምክንያቱ ካልተገኘ፣ እዳው አልተከፈለም።

ተጫዋቹም ቢሆን ከእዳ ነፃ አይደለም። አምስት ሰዎች የሐዘን ታሪክ ሊጫወቱ ተስማምተው ሲቀመጡ፣ ቀልደኛ ካልሆንኩ የሚል አለ። የራሱን ባልደረቦች የሚዘርፍ ሌባ ፈጥሮ መጥቶ «ገጸ ባሕርዬ እኮ እንዲህ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» የሚልም አለ። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ማን ሆነና! እዚህ ላይ የመሪው «አይሆንም» ዓለሙን ሳይሆን ሌሎቹን ሰዎች ይጠብቃል፤ ስለዚህም ከሁሉ የበለጠ ትክክለኛ «አይሆንም» ነው እንላለን።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። ወሰን አስቀድሞ ከተነገረ፣ ለሁሉም እኩል ከሆነ፣ መሪውንም ካሰረ፣ የጋራ ቤት ግድግዳ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለው የአንድ ሰው ፈቃድ ነው።

«ለአንድ ምሽት ጨዋታ ይህን ያህል?» የሚለን አይጠፋም። ነገ ከነገ ወዲያ ከእኛ አብዛኞቻችን ጠረጴዛ ይሰጠናል፤ የቢሮ ወይም የመምህር። በዚያ ጠረጴዛ ፊት አንድ ሰው ቆሞ «እንዲህ ብሆንስ?» ብሎ ይጠይቀናል። «አይቻልም» ማለት ያን ጊዜም ቀላል ነው። ዛሬ «ለምን?» ሲባል «አይቻልማ!» ብሎ መመለስን የለመደ ምላስ ያን ጊዜ ሌላ መልስ ከየት ያመጣል?