ያልታመመ ልጅ ለምን መድኃኒት ይወስዳል?



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 5 ስለ ኢያኢሮስ ልጅ ሲተርክ፣ ጌታችን የ12 ዓመቷን ብላቴና ካስነሣ በኋላ ሁለት ነገር እንዳዘዘ ይነግረናል። የሆነውን ለማንም እንዳያወሩ አስጠነቀቀ፤ የምትበላው እንዲሰጧትም አዘዘ። ሕይወትን የሰጠ እርሱ ነው፤ የዕለት ጥበቃውን ግን ለቤተ ሰቡ ተወው።

ይህን ያስታወሱኝ፣ ወላጆቹን ያጣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት አረጋዊት ናቸው (የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው)። «አባ፣ ልጁ አይስል፣ አያተኩሰው። የኤች.አይ.ቪውን መድኃኒት በየቀኑ እየዋጠ ሳለ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለምን ይጨመርበታል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ወደ ሰው ገብቶ ለዓመታት ሳያሳምም ሊተኛ ይችላል። ኤች.አይ.ቪ ግን የሰውነትን ዘብ ስለሚያዳክም የተኛው በቀላሉ ይነሣል፤ በሕፃናትም ከሳንባ አልፎ የአንጎልን ሽፋን እስከ ማጥቃት ይደርሳል። አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት ተሕዋሱን ሳይነቃ ያጠፋዋል። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ልጅ 12 ወር ከሞላው፣ በቤቱ የታወቀ ሕመምተኛ ባይኖርም፣ ተመርምሮ በሽታው ከሌለበት ይሰጠዋል። ከ12 ወር በታች ላለው ግን የሚሰጠው ከሕመምተኛ ጋር ከኖረና በሽታው እንደሌለበት ከታወቀ ነው። አይሶናያዚድ በየቀኑ ለ6 ወር ይወሰዳል። በ3 ወር የሚያልቁ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ ሁሉም ከፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ጋር ስለማይስማሙ ምርጫው የባለሙያው ነው። ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒቱም ራሱ ታላቅ ጋሻ ነውና አይቋረጥ።

ምርመራው ለምን ይቀድማል? በበሽታው ለተያዘ ልጅ አንድ መድኃኒት ብቻ መስጠት ተሕዋሱን መድኃኒት ያለማምደዋል። ስለዚህ ልጁ ያስለው፣ ያተኩሰው፣ ክብደት አልጨምር ይለው እንደሆነ፣ ከሕመምተኛም ጋር ይኖር እንደሆነ ባለሙያው ይጠይቃል። መድኃኒቱን ጀምሮ የሚያስታውከው ወይም ዓይኑ ቢጫ የሚሆን ልጅ ቢኖር፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ይህን ሳስረዳ እማማ ደጋግመው ሳሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላቸው፣ «ብርድ ነው፤ ወር አለፈው» አሉ። ልጁ የሚያድረው በጉያቸው ነው! ለሕፃናት ተሕዋሱን የሚያስተላልፈው አብዛኛውን ጊዜ አብሯቸው የሚኖር አዋቂ ነው፤ ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል ምርመራ ይሻል። እማማ የፈሩት የጎረቤትን አፍ ነበር። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራልና፣ መታከም እምነት ማጣት እንዳልሆነ ነገርኳቸው። በማግስቱ አክታቸውን አስመረመሩ፤ በሽታው ተገኝቶባቸው መድኃኒት ከጀመሩ እነሆ ሁለተኛ ወራቸው ነው። ልጁም ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ የመከላከያውን ጀምሯል።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ የየትኛውም ልጅ የደም ውጤት በጆሯችሁ ቢደርስ፣ በኢያኢሮስ ቤት የታዘዘውን ዝምታ ጠብቁ። ደግሞም ንፋስ ይመታናል እያልን የምንዘጋው የመማሪያ ክፍል መስኮት፣ ሕፃናቱ ሳይገቡ በፊት ይከፈት፤ ትምህርቱ እስኪያልቅም አይዘጋ።